የመሳቢያው ካርድ

ሲስተር አይናዲስ ተጠራጣሪ ናት። ጭሮ ከተማ ተወልዳ እዚያው አንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም። እሷው የቴሌግራም ቻናል ከፍታ ስለ እርግዝና ማስተማር ስትጀምር ባልደረቦቿ ሳቁባት። ሴቶቹ ግን ወደዱላት፤ ፊት ለፊት የሚያፍሩትን በስልክ ጠየቋት።

አንድ ቀን ስም ሳትጠራ «ከቦኬ የመጣች፣ ሦስት መንታ የወለደች እናት» ብላ የአንዷን ችግር ለትምህርት ጻፈች። ለመሆኑ ቦኬ ውስጥ ስንት ሴት ሦስት መንታ ወልዳለች? ሳይመሽ ገበያው ሁሉ አወቃት። አይናዲስ ጽሑፉን አጠፋችው፤ የሰውን አፍ ግን ምን ታድርገው! ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጽፍላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ራሷን ነው፦ ይሄ ማነው?

በጥር ከኢንሳፍ ስልክ መልእክት መጣ። ኢንሳፍ የመሰላ ወረዳ ሴት፣ የአምስት ልጆች እናት ናት። ከባሏ ተደብቃ የሦስት ወር መርፌ ትወጋለች። የቀጠሮ ካርዷም ቤት እንዳይገኝባት አይናዲስ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መርፌውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ በሁለቱ መካከል «ቫይታሚን» ነው። መልእክቱ ግን በጥሩ አማርኛ «የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀኔ መቼ ነው?» ይላል።

አይናዲስ ክው አለች። ኢንሳፍ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም። ባሏ ነው! «ነይና ካርድሽን እይ» ማለት ሴትዮዋን አሳልፎ መስጠት ነው። «አላውቅሽም፣ ተሳስተሻል» ብላ ጻፈች። ጎበዝ፣ አለች ለራሷ።

ከፋሲካ በኋላ ኢንሳፍ ራሷ መጣች።

«ቀኑ ጠፋብኝ፣ ሲስተር። ካርዱ አንቺ ጋ ነው። ያኔ እህቴን አጻፍኳት። ‹ቫይታሚን በይ› አልኳት። እሷ ተምራለች፣ አስተካክላ ጻፈች።»

«ምነው ራስሽ ብትመጪ?»

«ባሌን ምን ብዬ? ቀኑንም አላውቅም። አንቺ ደግሞ አላውቅሽም አልሽ።»

የእርግዝና ምርመራው ሁለት መስመር አሳየ። አይናዲስ አፈረች። አዲስ የእርግዝና ክትትል ካርድ ሞላችና እንደ ልማዷ መሳቢያውን ከፈተች።

ኢንሳፍ እጇን ዘረጋች።

«ይሄን ስጪኝ፣ ሲስተር። ይሄኛው አይደበቅም።»