ፊቴን የሸፈንኩበት ነጠላ

የባለቤቴ እህት ዛሬም ስለ እኔ «በግትርነቷ ልትሞት ነበር» ትላለች። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ። መልስ ሰጥቻት አላውቅም፤ አሁን ልስጥ።

የጤና መድህን ምዝገባ ሲመጣ ከወረዳው ሰዎች ጋር ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ነበረች። ደጄ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «እሷን መክፈል ከማይችሉት ጋር ጻፏት» አለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጉሊት ተቀምጬ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጬ ልጄን ያስተማርኩ ሴት ነኝ። በሬን ዘጋሁ። ሳልመዘገብም ቀረሁ።

ሆዴን የቆረጠኝ በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ልጄና ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ታክሲ ሲወስዱኝ እሷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች። ስቃዬን እንድታይ አልፈለግሁም፤ ነጠላዬን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ።

ታክሲው በአስራ ስምንት ማዞሪያ አልፎ ከጤና መድህኑ ጋር ውል ያለው አንድ የግል ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ መውጣት አለበት አለ።

«እማማ፣ የጤና መድህን አለዎት?» አለችኝ ነርሷ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ማስያዣ፣ ካልሆነም ደመወዝ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ ያስፈልጋል።»

ማስያዣው ከአቅማችን በላይ ነበር። ከዘመድ ደመወዝ ያላት የባለቤቴ እህት ብቻ ናት። ልጄ ስልኳን አወጣች።

«ለአክስቴ ልደውል።»

«ከደወልሽ ከዚህ አልጋ እወርዳለሁ።»

ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። እንዲህ እያለን የእድራችን ሊቀመንበር ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ገቡ። ነርሷን «አስከሬኑን ልንወስድ ነው» ሲሏት ሰማሁ። ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«በስመ አብ» አሉ።

«ማን ሞተች አለዎት?»

«የባለቤትሽ እህት ናታ። ፊቷን ሸፍነው አወጧት ብላ ጮኸች። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳንም ተተክሏል።»

«ንቀሉታ» አልኩ። ሳቄ ሆዴን ወጋኝ። «ጋሼ፣ ለሬሳዬ ከመጡ አይቀር ለነፍሴ ዋስ ይሁኑኝ። ከፋይዋ እኔ ነኝ።»

ሰውየው የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው። ትንሽ አሰቡና ወደ ነርሷ ዞሩ።

«ይቺ ሴት የእድር መዋጮ አሳልፋ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ድስት የሚጣደው እሷ ስትመጣ ነው። የት ልፈርም?»

ያን ቀን ተቀደድኩ፤ ዳንኩ። ቁስሌ እንደጠገገ ጉሊቴ ተመለስኩ፣ በየሳምንቱ እየከፈልኩም እኚያን ሰው ከዋስትናቸው ነጻ አወጣኋቸው። ከባለቤቴ እህት ቤት አንድ ሳንቲም አልገባበትም።

ቀጣዩ ምዝገባ ሲደርስ እሷ እስክትመጣ አልጠበቅሁም። ወረዳ ሄድኩ፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ትመዘግባለች። ተራዬን ጠብቄ ብሩን ፊቷ አኖርኩት።

«ከሚከፍሉት ጋር ጻፊኝ» አልኳት።

ቀና ሳትል ጻፈች። ከኋላዬ የተሰለፈው የሰፈር ሰው ሁሉ ሰምቷል።