አጎቴ ሐዲዱን ሲያዳምጡ

አጎቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ባቡሩ ከቀረ በኋላም ከሰዓት ከሰዓት እየወጡ፣ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ይለጥፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ባቡር እኮ ቀርቷል» ስላቸው፣ «ዝም አለ ማለት የለም ማለት አይደለም» ይሉኛል። ሌላ ኮከብ ላይም የሚያስብ ፍጡር እንዳለ የሚያስረዱኝ በዚችው ቃል ነበር፤ «ርቀውን ነው እንጂ አሉ» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ የሰፈሩን ጎረምሶች ለማሳቅ ብዬ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ተደብቄ ሐዲዱን በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። አጎቴ ጆሯቸውን ከሐዲዱ አንስተው ብድግ አሉ። ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ «ዞር በሉ! መጣ!» ብለው መስመሩ ላይ ልብስ ያሰጡትን ሴቶች አባረሩ። ሰፈርተኛው አውካካ። እኔም ድንጋዬን እንደያዝኩ ብቅ አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ እንዴ? እኔ ደግሞ የሚያስብ ፍጡር መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ጋ ደርሰው አያውቁም፤ ስለ ከዋክብትም አላነሱልኝም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ከለቅሶው ድንኳን ሹልክ ብዬ ወጣሁና ጆሮዬን ሐዲዱ ላይ ለጠፍኩ። ብዙ ጠበቅኩ። ከመታጠፊያው ወዲያ እንደኔ ያለ ደደብ እንኳ አልነበረም።