አማቴ ስሜን የጠሩ ዕለት

በካቻምናው መስቀል የሆነ ነው። መኪና ሊጨፈልቀኝ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር አልረሳውም ብል ማንም ያምነኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ከመኪናው ይልቅ የማልረሳው አማቴን ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። አሁን ወልቂጤ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴን ወይንሸትንም ያገኘኋት እዚያው ነው። ወላጆቿ ቡታጅራ ከተማ ዳር፣ ሰፊ ሣራማ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። አማቴ በድሮው ወግ ያደጉ ሴት ናቸው። በእርሳቸው ቤት አማት የልጇን ባል በስሙ አትጠራም፤ ፊት ለፊትም አታናግረውም። አጠገባቸው ተቀምጬ እንኳ የሚጠይቁት ወይንሸትን ነው።

«እንግዳው በላ?»

«በልቷል እማዬ።»

«አልበላም። ጨምሪለት።»

ከተጋባን ዓመታት ቢያልፉም እንግዳው እንደሆንኩ ቀረሁ። ወግ መሆኑን ባውቅም ሆድ ይብሰኝ ነበር። «እናትሽ አልወደዱኝም» ስላት ወይንሸት ትስቅብኛለች። «እማዬ ባትወድህ ይሄን ቦርጭ ከየት ታመጣው ነበር?»

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት እነሱ ቤት ስነሳ የአሮጌዋ መኪናችን የፊት ጎማ ተንፍሷል። ሚስማር ወግቶታል። ቤተሰቡ በሙሉ በሬ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ስለነበር ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አማቴና አጥሩ ሥር የታሰረችው ላማቸው ብቻ ነን። ጎሚስታ መጥራት እችል ነበር። ግን አማቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ያዩኛል። ጎማ መቀየር እንኳ የማይችል አማች መባልን ፈራሁ።

መኪና ማንሻ ክሪኩን አውጥቼ ሣሩ ላይ ተከልኩት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መሬቱ ውኃ ጠግቧል። ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አላደረግሁም። ትርፍ ጎማውን ስኮርታንም፣ መኪናዋ ብትወድቅ እንዲይዛት ከሆዷ ሥር በማስተኛት ፈንታ፣ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ብቻ መኪናዋ ከፍ ማለት ስትጀምር ደስ አለኝ።

ይሄኔ አማቴ ወደ ላሟ ዞሩ።

«አንቺ ላም፣ ይሄ መሬት ውኃ ጠጥቷል። ብረት አይችልም።»

እኔ ብሎኖቹን መፍታት ያዝኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣

«አንቺ ላም፣ ጣውላ እዚህ ማድ ቤት አለ። ድንጋይም አለ» አሉ።

ላም ጣውላ ምን ያደርግላታል ብዬ በልቤ ሳቅሁ። አማቴ ላማቸውን ሁልጊዜ የሚያናግሯት በጉራግኛ ነው። ያን ዕለት ለምን በአማርኛ እንደሆነ ልብ ብል ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍኩ ነበር።

ብሎኖቹ ወለቁ፤ ጎማው ግን ዝጎ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለኝ። ከውስጥ በኩል መታ መታ ላድርገው ብዬ በጀርባዬ ተኛሁና ጭንቅላቴንና ትከሻዬን ከመኪናዋ ሥር አስገባሁ። በመፍቻው ማንኳኳት ጀመርኩ። አማቴ አሁንም ለላሟ የሚሉት ነገር ነበር፤ እኔ ግን በራሴ ጩኸት አልሰማሁም።

«አስማማው! ውጣ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ስሜን ሰማሁና ተንፏቅቄ ወጣሁ። ጭንቅላቴ ከመውጣቱ ክሪኩ በአንድ ጎኑ ሰምጦ ተጋደመ፤ መኪናዋ ጓ ብላ ወረደች። ጎማው ከእነ ብረቱ ሣሩ ውስጥ ተቀበረ። እኔ ተኝቼበት የነበረው ቦታ እጅ እንኳ አያስገባም።

ሣሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። አማቴ ጎመኑን በትነው ሮጠው መጡና ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሬን ዳበሱ፣ ጆሮዬን አገላበጡ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ። በጉራግኛ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ድንገት ያደረጉት ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ማድ ቤት ገቡ።

ወይንሸት ስትመለስ ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማ።

«እንግዳው ደንግጧል። ውኃ ስጪው።»

ከሰዓት በኋላ የአማቴ ጎረቤት የሆነ ሾፌር መጥቶ ሁሉንም በወጉ ሠራው። ድንጋይ ታኮ አደረገ፣ ከክሪኩ ሥር የአማቴን ጣውላ አነጠፈ፣ ስኮርታውን ከመኪናዋ ሥር አስተኛ። ጎማው በቀላሉ ወለቀ። እኔን ገላመጠኝና ሄደ።

ማታ ሁሉም እሳት ከቦ ሲጫወት ወደ ላሟ ሄድኩ። ማድ ቤት ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«አንቺ ላም፣ እናቴን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አልኳት።

ማድ ቤት ውስጥ አማቴ ሳቁ። እንደዚያ ከልባቸው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እኔም እየመጣሁ ለላሟ መናገር ለመድኩ፤ ብዙ አወጋን። አሁን ላሟ አርጅታ ተሸጣለች። በዘንድሮው መስቀል መካከላችን የሚቆም አጣን ብዬ ከልቤ አዝኜ ነበር።

ልንመለስ ዕቃችንን ጭነን ስንሳፈር አማቴ ያችን ጣውላ ተሸክመው መጡ። ለወይንሸት ሰጧትና ከኋላ እንድታስገባት በአገጫቸው አሳዩዋት። ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን እንደ ላም ጀርባ እየዳበሱ፣ በአማርኛ፣

«አንቺ መኪና፣ ወንዱን ልጄን በደኅና አድርሺልኝ» አሉ።

«እኔስ እማዬ?» አለች ወይንሸት።

እሳቸው ኮፈኑን መዳበሳቸውን ቀጠሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ቁልፉን ለማዞር ትንሽ ቆየሁ። ከእንግዲህ እንግዳው ቢሉኝም ቅር አይለኝም።