አተርን ከባቄላ ለማፋታት ወደ አምበር

ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደብረ ማርቆስ

ከከተማው የወጣነው አራት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ሁለት ጠመንጃ ያዦች፣ እንዲሁም ጎጃምን እህል ማብቀል ሊያስተምር ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጣሊያናዊ ተመራማሪ። ዶቶሬ እንለዋለን። እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ጣሊያንኛዬን አስመራ ሁለት ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ነው የለቀምኩት፤ ለእህል ይበቃል። ክረምቱ የካሚዮኑን መንገድ ስለበላው በበቅሎ ሆነ ጉዟችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሬ ገበሬ አተርና ባቄላ ደባልቆ ይዘራል። ዶቶሬ ሰኔ ላይ ይህን አይቶ ራሱን ያዘ፤ «መለየት ሰልችቷቸው ነው» ብሎም ጻፈ። ከዚያ የአምበሩን ገበሬ የአያ ይመርን ምርጥ ማሳ ለሁለት ከፍሎ፣ ያላቸውን የአተር ዘር አንድ ፍሬ ሳያስቀር ለብቻው አስዘራ። «ሙከራው ከከሸፈ አሻጥር ነው» የሚለውን የጣሊያን ሹም ትእዛዝ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። የአሻጥርን ቅጣት መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ገበያ ዳር የቆመው መስቀያ ጥሩ አማርኛ ይናገራል።

ከቀትር በኋላ፣ አምበር

ጭቃው እስከ በቅሎዎቹ ጉልበት ነው። ባቄላው ቆሟል። አተሩ ግን መሬት ላይ ተኝቶ፣ ዝናብ ደብድቦት፣ ሻግቶ ይሸታል። ከድንበሩ ማዶ ባለው የጎረቤት ማሳ አተሩ ባቄላው ላይ ተጠምጥሞ እሸቱ ተንዠርግጓል። ዶቶሬ ወደዚያ አልዞረም። ምሁር ነዋ!

«ማነው የረገጠው?» አለ ፊቱ ቀልቶ። ጠመንጃ ያዦቹ ወደ አያ ይመር ጠጋ አሉ። ሚስታቸው ማሳው ዳር ካለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

«አያ ይመር፣ ለምን ወደቀ ነው የሚለው። ተጠንቅቀው ይመልሱ» አልኳቸው።

«መደገፊያ የለውማ! አተር ብቻውን ቆሞ ያውቃል? አንተስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለህ? ምነው ሰኔ ላይ አልነገርከው?»

ሰኔ ላይ የምከፈለው ለመተርጎም ነበር፤ ማሰብ ከደሞዜ ውጪ ነው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መደገፊያ አጥቶ መውደቁን ነገርኩት። ዶቶሬ ጥቂት አሰበና «በየአተሩ ሥር እንጨት ይተከል!» ብሎ አዘዘ።

አያ ይመር ማሳውን ከዳር እዳር በዓይናቸው ለኩት። «ይህን ሁሉ እንጨት ከየት ላምጣ? ጫካውን ጣሊያን ሽፍታ አለበት ብሎ አቃጥሎት የለ! ባቄላውን አብሮ ይዝራና እሱ ይደግፈው በለው። ድሮስ እንዲያ አልነበርን?»

ደሞዜ የተገባኝ ያኔ ነው። «ዶቶሬ፣ ገበሬው በሐሳብዎ ተደንቋል» አልኩት። «እንጨት ስለሌለ፣ ያንኑ ሐሳብዎን በባቄላ አገዳ ልፈጽመው ወይ እያለ ይለምናል።»

ዶቶሬ ደብተሩን ከፈተ፤ ፈገግ አለ፤ ጻፈ። ጠመንጃዎቹ ወደ ትከሻ ተመለሱ። ስንወጣ የአያ ይመር ሚስት አንድ እፍኝ የባቄላ እሸት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ መብላት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ቁይ ገበያ

ዶቶሬ ደብተሩን ይዞ ከጎኔ ቆሞ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ አዋጁን አነበብኩ። «በዶቶሬ ምርምር መሠረት፣ ከእንግዲህ አተርና ባቄላ ተደባልቆ ይዘራ!»

እንቅባቸውን ፊታቸው ያኖሩ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይህን ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀበት?»

«አንድ ክረምት፣ እናቴ። አምበር፣ በአያ ይመር ማሳ፤ አተራቸው ሁሉ ሻግቶ።»

«ታዲያ እሳቸው ለከርሞ የአተር ዘር ከየት ሊያመጡ ነው?»

ይህን አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ዶቶሬ ደብተሩን ዘግቶ በቅሎው ላይ ወጣ።