የዳቦ ቤቱ መኪና መስኮት

ትናንት ደብረ ታቦር ላይ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ጎማው ተንፍሶ ጋራዥ ስንገባ፣ ግቢው ጥግ አንዲት አሮጌ የዕቃ መኪና ቆማ አየሁ። የዕቃ መኪና ጎኑ ድፍን ቆርቆሮ ነው፤ ይህቺ ግን ከኋላ በግራና በቀኝ መስኮት አላት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ።

ያቺ የሰፈራችን ዳቦ ቤት መኪና ነበረች። ጠዋት ዳቦ ታደርሳለች፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ባለቤቱ ለእድሩ ይሰጣትና ሬሳ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። በመስኮቱ የሚታየው ወይ የዳቦ ሣጥን ነው፣ ወይ የሬሳ ሣጥን። ሬሳ ሲያልፍ መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ መስኮቱን አይቶ ነበር የሚነሣው።

አያቴ ግን ሳያዩ መነሣት ጀመሩ። ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ዘምቶ ሬሳው ሳይመጣ መርዶው ብቻ ከመጣ ወዲህ ነው። ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሞተሯን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የትኩስ ዳቦ ሽታ ሰፈሩን አውዶት ያልፋል።

«አባባ፣ ዳቦ እኮ ነው የጫነችው። ይቀመጡ» አልኋቸው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ይሸተኛል» አሉ፤ መኪናዋ እስክትታጠፍ አልተቀመጡም። «ለእሱስ እዚያ ማን ቆመለት?»

ከዚያ ገብተን ቁርስ በላን።

ትናንት ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ወንበር አቀረበልኝ።

«አረፍ በይ እንጂ እትዬ፣ ይቆያል።»

በአሮጌዋ መኪና መስኮት አየሁ፤ ውስጧ ባዶ ነው።

«ይሁን፣ ልቁም» አልሁት።