ምዕራፍ አራት እኔ ነኝ!

ፀጉር ሠሪዋን ሰፈሩ ራዲዮ ብሎ ነው የሚጠራት። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች ደንበኛ በማሽኑ ጩኸት አንድ ቃል ባትሰማ እንኳ እሷ ወሬዋን አታቋርጥም። ባሏ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ሲቀር ልጃቸው ገና ትድህ ነበር፤ ልጅቷን እዚያው ፀጉር ቤት፣ በሻምፖ ሽታ መሀል አሳደገቻት።

ከደንበኞቿ አንዷ ደራሲ ናት። ልጆቻቸውን ብቻቸውን ስለሚያሳድጉ እናቶች መጽሐፍ ልትጽፍ ተነስታ፣ ፀጉሯን እየታጠበች «እስቲ ያንቺን ንገሪኝ» አለቻት። ራዲዮን ንገሪኝ ማለት! የደራሲዋ ፀጉር ደረቀ፣ እንደገና ረጠበ፣ እንደገና ደረቀ፤ ወሬው ግን አላለቀም።

መጽሐፉ ወጣ። አሁን የኮሌጅ ተማሪ የሆነችው የራዲዮ ልጅ ስለ እናቷ የተጻፈውን ምዕራፍ አራት ጮክ ብላ አነበበችላት። ሁሉም ነገር አለ፤ ስሟ ግን የለም። ደራሲዋ ገመናዋን ልትሸፍንላት ብላ ስሟን ቀይራ፣ ጭራሽ ልብስ ሰፊ አድርጋታለች።

«ልብስ ሰፊ? እኔ? ቁልፍ እንኳ የምትተክይልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ!»

«እማዬ፣ ሰው እንዳያውቅሽ ብላ እኮ ነው።»

«ሰው እንዳያውቀኝ ማን ለመናት?»

መጽሐፉ የተመረቀ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቷ ገና ከበር «በሞቴ፣ ዛሬ እንኳን ዝም በይ» ብላ ለምናታለች። ደራሲዋ መድረክ ላይ ወጥታ ምዕራፍ አራትን ማንበብ ጀመረች፦ ትምህርት ቤቱ አባቶችን ብቻ ለስብሰባ ይጠራል። ልጅቷ «የኔ ማን ይሄድልኛል?» ብላ ታለቅሳለች። እናት የጎረቤት አናጢ ኮትና ኮፍያ ትዋሳለች፤ በቅንድብ መኳያ ጢም ትሥልና ድምጿን አወፍራ ከአባቶቹ መሀል ቁጭ ትላለች።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ራዲዮ አላስቻላትም፤ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ! ምዕራፍ አራት እኔ ነኝ! ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ ፀጉር ሠሪ ነኝ!»

ልጅቷ ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች። ደራሲዋ አፏን ይዛ ቀረች። ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩት ሰው ናቸው።

«ያኔም አውቄ ነበር» አሉ። «ስለ ሒሳብ ውጤት ስናወራ እኮ የግራው ጢምዎ በላብ ወርዶ አገጭዎ ደርሶ ነበር!»

«ወይ ጉዴ! ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ ጋሼ?»

«ምን ልበል? ሌሎቹ አባቶች የጠየቁኝ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ ነው። ስለ ልጃቸው ትምህርት የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ራዲዮ በወንበሮቹ መሀል እየተጋፋች ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ምርኩዙ ወደቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ልጅቷም ከመጽሐፉ ጀርባ ብቅ ብላ ትስቅ ይሁን ታልቅስ ግራ ገባት።

ፊርማ ለማግኘት ደራሲዋ ጠረጴዛ ዘንድ የተሰለፈው ሰው ዞሮ ራዲዮ ፊት ተኮለኮለ። እስክሪብቶ ተቀብላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ምዕራፍ አራት ላይ ገለጠችው።

«ምን ብዬ ልፈርም?» አለች ልጇን።

«ስምሽን ነዋ!»

ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ያ ደራሲዋ የሰጠቻት ስም ድምጥማጡ እስኪጠፋ ድረስ፣ በትልልቁ ጻፈችበት።