በሩ የታማበት ቁስል

አያ የሻው ከገነተ ማርያም በታች የሚያርሱ ረጅም ሰው ነበሩ። ቁመታቸውን ስለሚወዱት ለማንም ጎንበስ አይሉም፤ ከአለት ለተፈለፈለው የቤተ ክርስቲያን በር እንኳ። ስለዚህ እሑድ እሑድ መላጣቸው ከጉበኑ ጋር ይጋጫል። "ማርያም ሳመችኝ" ይላሉ፣ እያሹት።

ጠጉራቸው ጥሏቸው የሄደው ገና በጎልማሳነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የላስታ ፀሐይ ሲያርሱም ሲያጭዱም መላጣውን ሲቆላው ኖሯል። ኮፍያ አድርጉ ሲባሉ "ኮፍያ የካድሬ ነው" ይላሉ። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግን ይህን ሲሉ የሰማቸው የለም።

አንድ ክረምት አናታቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ወጣች። ትደርቃለች፣ ቅርፊቷ ይወድቃል፣ ደግሞ ትደማለች። ዳር ዳር የቀረችውን ጠጉር በምላጭ የምታነሳላቸው ባለቤታቸው ሙሉዬ ነበረችና አየቻት።

"ይቺ ነገር አላማረችኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለቻቸው።

"አገር የሚያየውን ራስ መቼ ደበቅሁት? በሩ ነው!"

ቁስሏ ቅቤ ተቀባች፣ ጠበል ተረጨች፤ ግን ሰፋች። ቄሱ ሳይቀሩ "ጉበኑን እንጥረበው ይሆን?" ብለው ቀለዱ።

በዓመቱ ጥር ላይ አያ የሻው ከእርከን ተንሸራተው እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አስሮላቸው ከመደብ ሳይወርዱ ሁዳዴ ተጋመሰ። ሙሉዬ አንድ ቀን ጋቢያቸውን ልታጥብ ብታነሳው፣ በራስጌው በኩል ትኩስ ደም ነክቶታል። ዘርግታ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

"አንቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ስንት ጊዜዎ ነው?"

"እግሬ እንዲህ ሆኖ በምን ልሂድ?"

"ታዲያ በሩ በእግሩ እዚህ ድረስ መጥቶ ነው የመታዎ?"

አያ የሻው አናታቸውን ዳሰሱ፤ ጣታቸው ደም ይዞ ተመለሰ። ፈሩ። ሙሉዬም ፈርታለች።

በማግስቱ በበቅሎ ጭና ላሊበላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። ጤና ረዳቱ ቁስሏን አይቶ አልቀለደም። "ፀሐይ በበላው ራስ ላይ እንዲህ የማይድን፣ የሚደማ፣ የሚሰፋ ቁስል ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ይሂዱ" አላቸው። የይለፍ ወረቀት ተለምኖ በጭነት መኪና ደሴ ወረዱ። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣው። ነቀርሳ ነበር፤ ደግነቱ ሥር ሳይሰድ ደርሰውበታል።

ሲመለሱ ሙሉዬ ከደሴ ገበያ የገዛችላቸውን ሰፊ ኮፍያ ደፍተው ነበር፤ ካድሬዎቹን አስናቁ። እሑድ በሩ ዘንድ ሲደርሱ አወለቁት፤ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ አሉና ጉበኑን ሳሙ።

"ይቅር በለኝ፤ የሚስቴን ቃል ላለመስማት ስምህን አጠፋሁ" አሉት።

በሴቶቹ በኩል ቆማ የነበረችው ሙሉዬ ሰማች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።